የዓሣዋ እንቅርት

ላሊበላ፣ ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆኜ ስቀጠር ዓሣም ትጠብቂያለሽ ብሎ የነገረኝ የለም። ጋሼ፣ የሆቴሉ ባለቤት፣ ከአዲስ አበባ ትልቅ የመስታወት ገንዳና ስድስት ዓሦች አስጭነው መጡና ከጠረጴዛዬ አጠገብ አስቀመጡብኝ። በሳምንቱ ሁለቱ ሞቱ። ጋሼ ጣታቸውን ቀስረው፣ "ሦስተኛዋ የሞተች ቀን ተከትለሻት ትወጪያለሽ!" አሉኝ። እንጀራዬ በዓሣ ጭራ ላይ ተንጠለጠለች፤ ጉዴን ተመልከቱልኝ!

እንግዶች ደግሞ ሻንጣቸውን ሳያሳርፉ "ይሄ ምን ዓይነት ዓሣ ነው?" ይላሉ። አላውቅም ማለት ለእኔ ሞት ነው። ስለዚህ ደብተር ገዝቼ መመደብ ጀመርኩ። ቢጫው ብቻውን ስለሆነ "የወንዝ ዓሣ"፣ ሦስቱን ሰማያዊዎች "የሐይቅ ዓሣ" ብዬ በልበ ሙሉነት ጻፍኩ። ማስረጃ? ምንም። አንድ አስጎብኚ ግን ደብተሬን እያየ ለፈረንጆቹ ሲተረጉም ሰማሁና እኔም ራሴ አመንኩት።

አንድ ቅዳሜ አባቴ በይምርሐነ ክርስቶስ በኩል ካለው ሰፈራችን ለገበያ ሲመጡ ጎራ አሉ። አባቴ በሬ በመምረጥ እስከ ኮን ገበያ ድረስ ስማቸው የሚጠራ ገበሬ ናቸው። ከገንዳው ፊት ቆመው፣ እንደ ከብት ገበያ ወዲያ ወዲህ እያሉ አዩና፣ "ቢጫው ወይፈን ነው፤ እነዚያ ጊደሮቹ ናቸው" አሉ።

"አይ አባባ፣ ዘራቸው ለየቅል ነው። ቀለማቸውን አያዩም?"

"ቀለም ዘር ነው እንዴ? ዳልቻዋ ላማችን ቀይ ጥጃ ስትወልድ ሌላ አውሬ ወለደች አልሽ?"

ደብተሬን ዘጋሁት። ተናድጄ እንጂ አምኜ አይደለም።

አባቴ ቀጠሉና አንደኛዋን ሰማያዊ ጠቆሙ። ጉሮሮዋ አብጧል። "ይህችስ እንቅርት አለባት" አሉ። እንቅርት በእኛ አገር ማን አያውቀውም? አክስቴም ነበረባት፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሰጠቻት ምክር ትዝ አለኝ። ከወጥ ቤት አዮዲን ያለው ጨው አምጥቼ፣ በየማለዳው ቆንጠር እያደረግሁ ገንዳው ውስጥ መጨመር ያዝኩ። እሷ እቴ! ምግብም ጭራሽ አትነካ። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት። "አንቺ ግትር፣ ብይ እንጂ! ከሥራ ልታስባርሪኝ ነው?" መብራት ጠፍቶ የገንዳው ማሞቂያ ሲቆም እንዳይበርዳት ገንዳውን የራሴን ጋቢ አለብሰዋለሁ። አፏን ግጥም አድርጋ ፊቷን ታዞርብኛለች።

በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ አባቴ በሽተኛዋን ሊጠይቁ መጡ። ጋሼም በዚያው ቀን ሳይናገሩ ከአዲስ አበባ ዱብ አሉ። ገንዳውን ገና ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። "ታማለች እኮ! ሌሎቹን ሳትጨርስ አውጥተሽ ድፊያት!"

"ጋሼ፣ ስትደፋ እንደ ሞተች ይቆጠራል?"

"እንዴታ! ይቆጠራል!"

አባቴ፣ "ጌታው፣ ጨው ጀምረንላት ነበር እኮ" ብለው ሊያማልዱን ሞከሩ፤ ማን ሰምቷቸው! በትንሿ መረብ አወጣኋትና ውሃ ባለበት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አኖርኳት። እንባዬ ይወርዳል። እውነቱን ልናገር? ለሥራዬ ብቻ አልነበረም ያለቀስኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስንጨቃጨቅ ከርመን ለምጃት ነበር።

ሳህኑ ውስጥ አንዴ ተወራጨችና አፏን ከፈተች። አንድ የስንዴ ፍሬ የሚያህል ነገር ወጣ። ዋኘ! ሌላ ተከተለ። ከዚያ አምስት፣ አሥር፣ መቁጠር አቃተኝ። እንቅርት ያልነው ልጆቿን ነበር። በአፏ ይዛቸው፣ እንዳትውጣቸው ብላ ነው እህል ያልቀመሰችው። እኔ ደግሞ "ብይ! ብይ!" እያልኩ! ውይ በሞትኩት!

"ያውልሽ፣ አባትየው" አሉ አባቴ ወደ ቢጫው እየጠቆሙ።

ጋሼ ሳህኑን አዩና እኔ ላይ አፈጠጡ። "አራስ እኮ ናት! አራስ እንዲህ ትንገላታለች? መልሻት እንጂ፣ ምን ይገትርሻል!" ድፊያት ያልኩት እኔ ነኝ ማለት ነው!

አባቴ ባርኔጣቸውን አወለቁና ሳህኑ ላይ ጎንበስ ብለው፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" አሏት። ጋሼም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ደገሙላት። ተራው የእኔ ነበር። እንደነሱ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን "ይቅር በይኝ" ነው።