ግማሽ መሣሪያ ይዤ ወደ ቦንጋ

ማክሰኞ ንጋት ላይ ከጅማ ስነሳ ኮት ኪሴ ውስጥ የናስ ቱቦ ነበር። ጫፉ ላይ ብርሃን የምታስገባ ቀጭን ስንጥቅ አለችው። ብርሃኑን በየቀለሙ የሚበትነው ባለ ሦስት ማዕዘን መስታወት ግን ቦንጋ፣ አስካለ ዘንድ ነው። ከአርባ ዓመት በፊት ሶቪየት ሀገር አብረን ተምረን ስንለያይ ከአንድ ያረጀ መሣሪያ ተካፍለን የወሰድነው ነው። ለጎረቤት «ሁለቱን ልገጥም» አልኩ። ያኔ ያልጠየቅኋትን ጥያቄ ይዤ እንደምሄድ አልተናገርኩም፤ በጡረታ ዕድሜ መሳቂያ መሆን አልፈለግሁም።

አውቶቡሱ የጎጀብን ወንዝ ተሻግሮ ጫካው ውስጥ ሲጠማዘዝ፣ አጠገቤ የተቀመጡት የዋጫ ከተማ ማር ነጋዴ ቱቦውን አዩት።

«ዋሽንት ነው እንዴ፣ ጋሼ?»

«ሙቀት መለኪያ ነው። ጋዝ ከመጠን በላይ ግሎ ፕላዝማ ሲሆን የሚለካበት።»

«እሳቱ ውስጥ ሲገባ አይቀልጥም?»

«አይገባም። ከሩቅ ሆኖ ብርሃኑን ያነባል።»

«ፈሪ መሣሪያ ነዋ።»

ተማሪ ሳለሁ መለኪያ ሽቦ ፕላዝማው መሃል ሰድጄ አቅልጬ ነበር፤ አስካለ በሳቅ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ሁሉን ነገር ከሩቅ ማንበብ መረጥኩ፤ እሷንም ጭምር።

ቦንጋ፣ ከሰዓት

ፊዚክስ ስታስተምር ኖራ ጡረታ የወጣችው አስካለ በሩን ከፈተች። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል።

«ምነው እንዲህ ዘገየህ?»

«ጎማ ፈንድቶብን...»

«ስለ አውቶቡሱ አልጠየቅሁህም።»

ቆጮ በማር አበላችኝና መስታወቱን በመሐረብ ጠቅልላ ገበያው ዳር ወዳለ ብረት በያጅ ወሰደችኝ። የብየዳ ብልጭታም ፕላዝማ ነው። በቀጥታ ማየት ዓይን ስለሚያጠፋ፣ መስታወቱን ከቱቦው ጋር ገጥመን ኖራ የተቀባው ግድግዳ ላይ ያረፈውን ብርሃን በእሱ ተመለከትን።

«አረንጓዴዋ መስመር ወጣች» አለች ዓይኗን ሳትነቅል። «የብረት ናት። ሙቀቱን ለማወቅ ግን ሌላ መስመር ያስፈልጋል።»

«አዎ፣ የሁለቱ ድምቀት ሲነጻጸር ነው። አንዷ ብቻዋን ምንም አትናገርም።» ከግድግዳው ወደ እሷ ዞርኩ። «አስኩ፣ ከእኔ ጋር ጅማ ብትመጪስ?»

በያጁ ሥራውን አቆመ። ግድግዳው ጨለመ።

«ያኔ ብትጠይቀኝ እሺ እል ነበር» አለች በቀስታ። «አሁን ቡናዬ እዚህ ነው፣ የልጅ ልጆቼም እዚህ ናቸው። ቱቦውን እኔ ዘንድ ተወው። ማየት ስትፈልግ ና።»

ጅማ፣ ሐሙስ

ኪሴ ባዶውን ተመለሰ። ከሩቅ ሆኜ ያነበብኩት ሁሉ፣ ያኔ ትወደኝ እንደነበር ጭምር፣ ልክ ነበር፤ ያን ሁሉ ዓመት ግን ልክ መሆኔ አላሞቀኝም። ቤት ሳልገባ መናኸሪያው ላይ ቆሜ የቅዳሜው የቦንጋ አውቶቡስ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠየቅሁ።