በጋሼ ብሎን ስም

ታናሽ እህቴ ስትናደድ ዕቃ ታጥባለች። ንጹሑንም ጭምር። ያን ሰሞን ቤታችን ውስጥ ያልታጠበ ብርጭቆ አልነበረም።

እኔ ትምህርቴን ያቋረጥኩት እሷ እንድትቀጥል ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሰው ልብስ እሰፋለሁ። እሷ ሊፍት በሚገጥምና በሚጠግን ድርጅት ውስጥ የሥራ ክትትል ሠራተኛ ነበረች። የትኛው ሥራ በማን እጅ እንዳለ፣ የቱ እንዳለቀ፣ የቱ እንደዘገየ ኮምፒውተር ላይ ትመዘግባለች። ኮንትራቷ በየዓመቱ ይታደሳል። ዘንድሮ ግን ቋሚ ትሆኛለሽ ተባለች። ቋሚ ከሆነች ከዚህ ከሚያፈስ ቤት እንወጣለን ብለን ነበር።

ድርጅቱ የሚሠራበት ፕሮግራም ጠዋት ተከፍቶ እስኪነቃ ድረስ ሰው እጁን አጣጥፎ የሚጠብቀው አሮጌ ነበር። እሱን ትተው ወደ አዲስ ሊዛወሩ ተነሡ። አሮጌው ውስጥ ግን አንድ የሞተ ሰው ነበር። ጋሼ ብሎን ይሏቸዋል፤ የቴክኒሻኖች አለቃ ነበሩ፣ ኪሳቸው ከብሎን ተለይቶ አያውቅም። ሲሞቱ ስማቸውን የሚሰርዝ ጠፋ። ፕሮግራሙ ደግሞ ባለቤት የሌለው ሥራ አይመዘግብም። ስለዚህ ማንም የማይፈልገው ሥራ ሲመጣ በእሳቸው ስም ይገባል። ደንበኛ ደውሎ ሲጮህ፣ “ሥራው በባለሙያ እጅ ነው” ይባላል። “ለጋሼ ብሎን ስጫቸው፣ እሳቸው አይነጫነጩም” እያሉ ይሳሳቃሉ። ሥራ አስኪያጁም ይስቃል።

የማዛወሩ ዕለት አዲሱ ፕሮግራም አካውንት የሌለው ሰው አልቀበልም አለ። የሚያዛውረው ባለሙያ ብዙ አልተጨነቀም፤ የጋሼ ብሎንን ሥራ ሁሉ ጠረጴዛቸውን ለወረሰችው ለእህቴ አዞረው። ጠዋት ስትገባ ስክሪኗ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነው። አዲሱ ፕሮግራም ማን ሥራ እንዳዘገየ በቀይ ለሁሉም ያሳያል፤ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ትልቁ ስክሪን የእሷ ስም ከሁሉ በላይ ወጣ።

“ሁሉም ያውቃል እኮ!” አለችኝ ድስቱን እየፈተገች። “አንድ ሰው አፉን ይከፍታል ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። ሁሉም ጫማውን ያያል። አንዱማ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‘አይዞሽ፣ ቀይ ያምርብሻል!’”

ቅዳሜ ሥራ አስኪያጁ ደወለ። እሷም ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ከምሰፋው ጨርቅ ላይ ወረወረችው።

“እናቴ፣ ምን ታካብጃለሽ?” አለ። “ለሰውዬው አካውንት ክፈቺላቸውና ሥራውን መልሺላቸው። ስምሽ ይጸዳል። የቋሚነት ደብዳቤሽን ሰኞ እፈርማለሁ።”

“ሰውዬው ሞተዋል እኮ!”

“ታዲያ ቅር አይላቸውማ።”

“የአረጋውያኑ ሕንፃ ሊፍት እዚያ ውስጥ ነው። ለጋሼ ብሎን ስጫቸው ያሉኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት። ሽማግሌዎቹ ፎቅ ላይ ታስረው ቀርተዋል። አሁንም ለሟች ልስጠው?”

“ሥርዓት ያዢ!” ብሎ ዘጋው።

እኔ ደክሞኛል። “አድርጊውና ይለፍልሽ፣ በማን ላይ ልትፈርጂ ነው?” አልኳት።

“እትዬ፣ አንቺ ደግሞ የማን ወገን ነሽ!” ብላ ንጹሑን ድስት መልሳ ውሃ ውስጥ ከተተችው።

አላደረገችውም። ሌላ ሰው አደረገው። ይህንን ያወቅነው የጋሼ ብሎን ሚስት ስልክ ይዘው ሲመጡ ነው። ጎረቤታችን ናቸው፣ እማማ እንላቸዋለን፤ የባላቸውን ስልክ ማዘጋት አልሆነላቸውም። አካውንቱ የተከፈተው በዚያ ቁጥር ነበር።

“እስኪ አንብቢልኝ ልጄ” አሉ እህቴን። “ከጠዋት ጀምሮ ይጮሃል። በእሱ ስልክ ማን ሊፈልገኝ ነው ብዬ ይዤው መጣሁ።”

እህቴ ጮክ ብላ አነበበች። “እንኳን ወደ አዲሱ የሥራ ቤተሰባችን በደህና መጡ” ይላል። ከሥሩ ደግሞ፣ “የአረጋውያን ሕንፃ ሊፍት ጥገና ዘግይቷል። ምክንያትዎን ይጻፉ።”

የዚያን ቀን ዕቃ አላጠበችም። ነገሩን ለእማማ አስረዳቻቸው፤ ከዚያ ለሥራ አስኪያጁ ደወለች።

“ምክንያታቸውን ጠይቃችኋል አይደል? ባለቤታቸው እዚህ አሉ፣ ያነጋግሯቸው።”

እማማ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙ። “ልጄ፣ እሱማ ሞቷል” አሉ ቀስ ብለው። “ቀብሩ ላይ ነበርክ እኮ፣ ድምፅህን አውቀዋለሁ። ሽማግሌዎች ፎቅ ላይ ቀርተዋል አለችኝ። እሱ ቢሆን ይሄኔ ሄዶ ነበር። አንተን ምን ያዘህ?”

ስልኩ ተዘጋ።

ሊፍቱ በሳምንቱ ተሠራ። የእህቴ ኮንትራት ግን አልታደሰም። ያ ባለቀዩ ቀልደኛ፣ ያ ጫማውን የሚያየው ሁሉ፣ ዛሬም እዚያው ይሠራል። እኔም ዝናብ ሲመጣ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ባልዲ እደቅናለሁ። እሷ ሥራ ስትፈልግ ትውልና መጥታ ዕቃ ታጥባለች። ንጹሕ ነው እኮ አልላትም።