በጎን የሚከፈተው እጀ ጠባብ

ከሁለት ወር በፊት፣ አንድ ቅዳሜ፣ ለባለቤቴ መርፌያቸው ውስጥ ክር አስገባሁላቸው። «ዓይኔ ደክሟል» ካሉኝ ጀምሮ ይህ የእኔ ሥራ ነበር። በማግስቱ አረፉ።

ደብረ ማርቆስ ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ነበሩ። እጁ የማይታጠፍ፣ እግሩ የተቆረጠ ሁሉ ወደ እሳቸው ይመጣል። ሰውየው ብቻውን ካልለበሰው ልብሱን አያስረክቡም ነበር። አንዴ አንዲት ከቁይ ከተማ የመጣች ሴት የባሏን ክንድ ልታስገባ ስትል፣ «ተይው እቴ! የለካሁት እሱን እንጂ አንችን አይደለም» አሏት። ባልየው ለብሶ ሲጨርስ፣ «እንግዲህ እሷ ለምን ትበጀኛለች?» አለ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ከግንዘቱ በኋላ ወንድማቸው እጀ ጠባባቸውን ሰጡኝ። የደረቱ ቁልፎች ለማስመሰል የተሰፉ ናቸው፤ ልብሱ የሚከፈተው በጎኑ፣ በአንድ እጅ በሚሳብ ማሰሪያ ነው።

«የቀኝ ጣታቸው ከከዳቸው እኮ ቆየ፤ አልነገሩሽም እንዴ?» አሉኝ።

ዓይናቸውማ ደህና ነበር። አገር ሁሉ ጉድለቱን ገልጦ ሲያሳያቸው፣ እሳቸው የራሳቸውን ከእኔ ሸሽገው ሰፉ።

አልተቀየምሁም አልልም። አሁን ሱቁን የምከፍተው እኔ ነኝ፤ ደምበጫ ላለ አንድ ባለ ምርኩዝ የጀመሩትን ሱሪ እየጨረስሁ ነው።