እህቴ ያስታጠበችኝ ቀን

ይህን ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ጾም ስገድፍም፣ ሰው ሳማም ሄጄ እናዘዛለሁ፤ እዚህች ላይ ስደርስ ግን ዘልያት አልፋለሁ። ለእናንተ ልንገራችሁ፤ እናንተ አታውቁኝም።

ኢሕአዴግ በገባ በሁለተኛው ዓመት እኔና ታላቅ እህቴ እታበባ ከመንዝ አዲስ አበባ መጥተን አክስታችን ቤት ተጠጋን። ሁለታችንንም ማስተማር አይቻልም ተባለና እታበባ የቤቱን ሥራ ያዘች፤ እኔ ትምህርት ቤት ገባሁ። እሷ ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት አላት፤ አፏን ስትከፍት መንዜነቷ ያስታውቃል። እኔ ግን ዓመት ሳይሞላኝ አነጋገሬንም አለባበሴንም ለወጥኩ። ራሴን የቻልኩ የከተማ ልጅ ሆንኩ ብዬ አመንኩ። በማን ጉልበት እንደቻልኩ ጠይቄ አውቃለሁ? አላውቅም።

አንድ ቅዳሜ ሦስት የክፍል ጓደኞቼ ለጥናት መጡ። አክስቴ አልነበረችም። አንዷ እታበባን በአገጯ እያሳየች «ማናት?» አለችኝ።

«ሠራተኛችን ናት» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም፣ አምልጦኝም አይደለም። እታበባ ማስታጠቢያውን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። በእኛ አገር ታናሽ ናት ታላቋን የምታስታጥበው። እሷ ግን እንግዶቹን አስታጥባ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረች፤ ጎንበስ ብላ «ይታጠቡ፣ እትዬ» አለችኝ።

እጄን ዘረጋሁ። ታጠብኩ። በላሁም። አፍሬ ነበር ብል እዋሻለሁ፤ ስላላጋለጠችኝ ደስ ነው ያለኝ። እንግዶቹ ሲሄዱ እሷ ሳህኑን አነሳች፤ እኔ ደብተሬን ገለጥኩ። በዓመቱ አገሯ ተመልሳ አገባች። እኔ ተማርኩ፣ ሥራ ያዝኩ፣ ቤት ሠራሁ።

ሰሞኑን ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ደወለችልኝ። «ልጄ ስምንተኛን ጨርሳለች፤ አንቺ ዘንድ ሆና ብትማር ብዬ ነው» አለች። «ለሥራ አትሰንፍም። እንግዳ ሲመጣ እንዴት እንደምትሆን ነግሬያታለሁ፤ አታሳፍርሽም።»

ድምፅዋ ውስጥ ቂም ፈለግኩ፤ አጣሁ። ለልጇ የምትለምን እናት ብቻ ነበረች። «ላኪያት» አልኩና ስልኩን ዘጋሁ።

ልጅነት ነው አትበሉልኝ። ያኔ ልጅ ነበርኩ እንበል፤ በስልኩ «ይቅር በይኝ» ማለት አቅቶኝ የዘጋሁት ግን አርባ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ እኔ ነኝ።