ያልቆጠርኳት እህት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። እናንተ ስሙኝ። አትዘኑልኝ፤ እኔ ለማንም አላዘንኩም።

በመካነ ሰላም ዙሪያ ልጁን የሚድር ሁሉ፣ ዘመዳም እንዳይጋባ፣ ዘር ለማስቆጠር ወደ እኔ ይመጣል። ልጄ አስፋው ትርንጎን ሲወድ የሁለቱን ወገን እስከ ሰባት ቤት ቆጥሬ «አይገናኙም» ያልኩት እኔ ነኝ። ዋሸሁ! ቄስ አባቴ ክህነቱን እንዳያጣ ከላላ በሚባለው አገር ደብቆ የወለዳት ልጅ ነበረችው፤ በሌላ ሰው ስም አደገች። ሊሞት ሲል ለእኔ ብቻ ነገረኝ። የትርንጎ አያት እሷ ናት። ጋብቻውን ብከለክል «ለምን?» ይሉኛል፤ ብናገር የአባቴ ስም ይጠፋል። ለሞተ ሰው ስም ብዬ በሕይወት ያሉትን ሸጥኩ።

ትርንጎ ስታረግዝ አስፋው አጨዳ ላይ ነበር፤ ደሴ ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ ደጋግሞ አየ። የፅንሱ ኩላሊቶች አብጠዋል፣ የራስ ቅሉ ከኋላ አልገጠመም፣ ጣቶቹ ስድስት ስድስት ናቸው፤ ቢወለድም አይቆይም አላት።

«ከእናትም ከአባትም በዘር የሚመጣ ይመስላል። ከባለቤትሽ ጋር ትዛመዳላችሁ?»

«ኧረ በማርያም! አባባ ራሳቸው ሰባት ቤት ቆጥረውልናል» ብላ ወደ እኔ ዞረች።

ምን አልኩ? «አዎ፣ ቆጥሬያለሁ» አልኩ። ውጪ ስታለቅስም «አብሽሪ» አልኳት። ይህ ምላሴ ያኔ ምነው በተቆረጠ!

ልጁ ተወልዶ ሳይመሽ ሞተ። ሰፈሩ በቀትር ወንዝ ወርዳ ነው አለ። ባለቤቴም ጠበል ወሰደቻት። በዚያ ውርጭ ስትጠመቅ ነጠላዋን ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ። ኃጢአቱ የእኔ፣ ብርዱ የእሷ! ሰው ዛሬም ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ይስማል፤ በእርግጫ ማለት ያምረኛል።

አሁን ደግማ አርግዛለች። የፊተኛው እንዲያው የመጣ ነው ብላ ተጽናንታለች። ለምን አትጽናና? እኔ ቆጥሬላታለሁ።

ይቅር በሉኝ አልልም። አባቴ አስምሎኝ ነው አልልም፤ አላስማለኝም። ሰኞ ደሴ እንሄዳለን። ሐኪሙ ያንኑ ይጠይቃል፣ እሷም እንደገና ወደ እኔ ትዞራለች። እስከዚያ መጠበቅም ሌላ ውሸት ነው። ቤታቸው ይፈርስ ይሆናል፤ ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ዛሬ አስፋው ከእርሻ ሲገባ ሁለቱንም ፊቴ አስቀምጬ እንዲህ እላለሁ፦ «ትርንጎ፣ እኔ የአያትሽ ወንድም ነኝ።»