በሳኒታይዘር የታጠበው ሸክላ

ዛሬም ክሊኒክ በር ላይ ሳኒታይዘር መዳፌ ላይ ሲያፈሱልኝ፣ ያ የአልኮል ሽታ ሰው አገር፣ ቡጎሎቢ ሰፈር ወደነበረው ቤታችን ይመልሰኝና አባዬ በሙዚቃ ሸክላዎቹ ክምር መሀል ተንበርክኮ ይታየኛል። ሰው ሁሉ ስለ ኮሮና ሲያነሳ ፍርሃቱን ያወራል፤ እኔ ግን መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ እፍረቴ ነው።

የዝናቡ ወራት ነበር። ከተማው ተዘግቶ፣ ትምህርት ቤቴም የአባዬ ምግብ ቤትም ተቆልፈው፣ በአሥራ ሦስት ዓመቴ ቤት መዋል ጀመርኩ። አባዬ ከአዲስ አበባ ከመጣ ጀምሮ የጥንት የጃዝ ሸክላዎችን ይሰበስብ ነበር፤ እነዚያን ከባድ፣ ጥቁር፣ ከእጅ ካመለጡ እንደ ሰሃን የሚሰበሩትን። ሥራ ሲፈታ ለሸክላዎቹ ደረጃ ማውጣት አስተማረኝ። ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ስር ተቀምጠን፣ ሸክላውን በጠርዙ ብቻ ይዘን፣ ወደ ብርሃኑ እያዘነበልን ጭረቱን እንፈልግ ነበር፤ ከዚያም አጫውተን ሰምተን፣ እሱ ለብቻው እኔም ለብቻዬ «በጣም ጥሩ»፣ «ጥሩ» ወይም «ደካማ» ብለን ካርድ ላይ እንጽፋለን። ካልተስማማን የሚጸናው ዝቅተኛው ነበር። «የወደደውን የማያሞግስ የለም፤ አንቺ ጉድለቱን ያየውን ዓይን እመኚ» ይለኝ ነበር። እማዬ ደግሞ ከኩሽና ሆና «እኔንስ ምን ብላችሁ ጻፋችሁኝ?» እያለች ትስቅብን ነበር።

ከሁሉም ብርቁ ሸክላ ግን የእኛ አልነበረም። ሉዚራ፣ ፖርት ቤል የሐይቅ ወደብ አጠገብ የሚኖሩ አንድ የድሮ መርከበኛ ነበሩ፤ እዚያ አገር አዛውንትን እንደሚጠሩት «ጃጃ» እንላቸዋለን። ማጫወቻቸው ተበላሽቶባቸው፣ ከሟች ሚስታቸው ጋር የጨፈሩበትን ሸክላ «አጽዳውና አንድ ቀን አሰማኝ» ብለው ለአባዬ ሰጡት፣ በሳምንቱም መንገድ ተዘጋ።

ሬዲዮው ከውጭ የገባ ዕቃ ሁሉ ይወልወል ሲል፣ እኔ ብልጧ አባዬን ላስደስት ብዬ ያንን ሸክላ በሳኒታይዘር ፈተግኩት። ለካ የዚያ ዘመን ሸክላ አልኮል ሲነካው ይሟሟል! ጨርቁ ጠቆረ፣ የሚያብረቀርቀው ፊት አመድ መሰለ። ከክምሩ ስር ሸሽጌው፣ አባዬ ወደዚያ እጁን በዘረጋ ቁጥር «አለቀልኝ» እያልኩ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ እህል አልወርድ አለኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ አንድ ቀን አገኘው፤ በሳኒታይዘር መፈተጌንም ተናዘዝኩ።

«ምነው ልጄ፣ እጅሽን ብቻ ብትታጠቢበት!» ብሎ ጮኸና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ከዚያ ካርድና እስክሪብቶ ሰጠኝ።

«ያየሽውን ጻፊ። መንገድ ሲከፈት ለጃጃ የምትነግሪያቸው አንቺው ነሽ።»

እያለቀስኩ «ደካማ» ብዬ ጻፍኩ።

ዝናቡ አልፎ ታክሲ ሲፈቀድ፣ አባዬ ማጫወቻውን፣ እኔ ሸክላውን ታቅፈን ሉዚራ ሄድን። ጃጃ በረንዳቸው ላይ ነበሩ፤ ማስኬን እንዳደረግኩ አንዱንም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ሸክላውን ተቀብለው በጣታቸው ዳሰሱትና «እስቲ ይሰማ» አሉ። መርፌው ሲያርፍ፣ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ሲገባ የሚንጫጫውን የመሰለ ድምፅ ብቻ ወጣ፤ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ኋላ ግን ከጫጫታው መሀል ጥሩምባው ብቅ አለ፣ ጃጃም ዓይናቸውን ጨፍነው በእግራቸው ወለሉን ይመቱ ጀመር።

«ያኔም እንዲህ ነበር የሰማነው» አሉ ሲያበቃ፤ «አዳራሹ ሞልቶ ሰዉ ሲንጫጫ፣ እኔና እሷ ሙዚቃውን ከጫጫታው ውስጥ እየለቀምን።»

አንጀቴን በሉት። ካርዱን ተቀብለው ከእኔ ጽሑፍ ስር «ኪሩንጂ ኞ» ብለው ጻፉ፤ በሉጋንዳ «እጅግ ጥሩ ነው» ማለት ነው። አባዬም «ዝቅተኛው ይጽና» ሳይል ካርዱን ከሸክላው ጋር አኖረው።

ዛሬ ስልኬ የፈለግኩትን ጃዝ ያለ አንዲት ጭረት ያሰማኛል፣ እሰየው ነው፣ አላማርርም። ጃጃ ትተውልኝ የሄዱት ሸክላ ግን ከነካርዱ መደርደሪያዬ ላይ አለ። አባዬ እሑድ እሑድ ሊጠይቀኝ ሲመጣ «ዝቅተኛው ነው የሚጸናው» እያለ ይነካካኛል፤ እኔም የራሴን ቃል በአውራ ጣቴ ሸፍኜ ካርዱን አሳየዋለሁ።