ያጠበብኳቸው ቀሚሶች

በልብስ ሰፊነቴ ያበላሸሁት ሥራ ጥቂት አይደለም። ኮሌታው የጠመመ ሸሚዝ አስረክቤያለሁ፤ የአንዲት ሚዜ ቀሚስ አሳጥሬ አሳጥሬ ሴትዮዋ ሠርጉን ሙሉ ጉልበቷን ስትሸፍን ውላለች። ከሁሉም የማፍርበት ግን ማንም እንከን ያላገኘበት ሥራዬ ነው።

ሱቄ ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር አካባቢ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ነበር። መንግሥት ተለውጦ የግል ጋዜጣ እንደ አሸን የፈላበት ጊዜ ነው። ከደንበኞቼ አንዷ አገር የሚያውቃት ዘፋኝ ነበረች። የመድረክ ልብሷን ስድስት ዓመት ሰፍቼላታለሁ። በዕድሜ ብትበልጠኝም «እርስዎ ካልሽኝ ሌላ ሰፊ እፈልጋለሁ» ብላ ስላስፈራራችኝ፣ «እትዬ» እያልኩ አንቺ እላታለሁ። ወገቧን ስለካት «አታጥብቂው፣ ምሳዬን በልቻለሁ እኮ» ትለኛለች። እወዳት ነበር። ዝናዋን አይደለም፣ እሷን።

ታማ መድረክ ከተወች በኋላ፣ አንድ ቀን ታላቅ እህቷ ሱቄ መጡ። በሩን ገርበብ አድርገው፣ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው፣ ሕመሟ ካንሰር መሆኑንና ሐኪሙ እጁን ማንሣቱን ነገሩኝ። ለእሷ የተነገራት ጨጓራ ነው ተብሎ ነው። በእኛ አገር እንዲህ ነው፤ በሽታው የታማሚው ቢሆንም ወሬው የቤተሰብ ነው።

«ልብሷ እየሰፋባት ነው» አሉኝ። «መክሳቷን ካወቀች ተስፋ ትቆርጣለች። ተስፋ ከቆረጠች ደግሞ ሳምንት አትቆይልኝም። እባክሽ የኔ ልጅ፣ ሳታውቅ አጥብቢልን።»

አንጀቴን በሉት። እሺ አልኩ።

ከዚያ ወዲህ እህቷ እሷ ስትተኛ ከቁም ሣጥኑ ሁለት ሁለት ልብስ እያወጡ በፌስታል ያመጡልኛል። ጎንና ጎኑን እፈታለሁ፣ ከድሮው ጋር አንድ ዓይነት ክር ፈልጌ እሰፋለሁ፣ የቀድሞው መርፌ ቀዳዳ እንዳይታወቅ በእርጥብ ጨርቅ እተኩሳለሁ። ልብስ ሰፊ ሲያጠብ ከስፌቱ ውስጥ ያለውን ትርፍ ጨርቅ አይቆርጥም። ሰው ነገ ይወፍራላ! እኔ ግን ገላዋን እንዳይጎረብጣት እያልኩ ቆረጥኩት። እውነቱን ለመናገር፣ ተመልሳ እንደማትወፍር ስለማውቅ ነው። ቤተሰቡም የቁም ሣጥኑን መስታወት «ተሰንጥቋል» ብሎ አወረደው። እሷ የጠበበውን ቀሚስ ስትለብስ «ጨጓራው ሳይሻለኝ አልቀረም፤ ልብሴ እንደ ድሮው ልክ ሆነኝ» እያለች ደስ ይላታል። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በእጄ ሥራ ኩራት ይሰማኝ ነበር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? እሷ ያላወቀችው ነገር ለከተማው አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ሆኗል። ኦሎምፒያ ላይ ጋዜጣ አዟሪዎች ፎቶዋን ወደ መኪና መስኮት እያስጠጉ ይሸጣሉ። አንዱ ጋዜጣ ራሷን ስታለች ብሎ ጻፈ፤ ሌላው ካንሰር አይደለም፣ በሽታው ሌላ ነው አለ። ያኔ የከሳ ሰው ሁሉ በኤድስ ይታማል። ሴቶች ዚፕ እናስቀይራለን ብለው ሱቄ ይገቡና «እውነት ካንሰር ነው? ወይስ ያ ነገር ነው?» ይሉኛል። ዚፑ እኮ ደህና ነው! ጠበል በጀሪካን የሚያመጣ ነበር፣ በራፏ ላይ ቆሞ እጁን ጭኖ ካልጸለይኩ የሚል ነበር፣ መልኳን ለማየት ብቻ አጥር ላይ የሚንጠላጠልም ነበር። አጠገቤ ሱቅ የነበራቸው የወሎ ሰው ብቻ አንድም ቀን አልጠየቁኝም፤ ከቤቷ ስመለስ ሲያዩኝ «አላህ ያሽራት» ብለው ወደ ሚዛናቸው ይዞራሉ። ሌላውን ሰው ሳይ ደሜ ይፈላ ነበር። የሚወዱትን ሰው ሞት እንዲህ ይጠባበቁታል? እኔ እንኳን ለእሷ እደክማለሁ እያልኩ ራሴን አጸድቅ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ያጠበብኩትን አረንጓዴ ቀሚስ «ተኩሼ አመጣሁት» ልል ይዤ ቤቷ ሄድኩ። ገና ከመቀመጤ ከውጭ ጩኸት ተሰማ። መጋረጃውን ገለጥ ሳደርግ፣ ጥቁር የለበሱ ሴቶች ደረታቸውን እየደቁ የግቢውን በር ሞልተውታል። ከኋላቸው የዕድር ሰዎች የድንኳን ብረት በጋሪ እየገፉ ይመጣሉ። በኋላ እንደሰማነው፣ መገናኛ ታክሲ ውስጥ አንዱ «ሌሊት አረፈች» ብሎ ኖሯል። ማን ያጣራል? ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ።

«ማን ሞተ?» አለች ከአልጋዋ።

«ጎረቤት ነው» አሉ እህቷ።

ከውጭ ግን አንዲት ሴት ስሟን እየጠራች፣ ዘፈኖቿን እየቆጠረች ታለቅሳለች። እሷ ከትራሷ ቀና አለች።

«ስሜን እኮ ነው የሚጠሩት» አለች። ብርድ ልብሷን ገፋ አድርጋ፣ «አልብሱኝ፤ እወጣለሁ» አለች።

አረንጓዴውን ዘረጋሁላት። አልፈለገችም። ከአልጋው ሥር ካለው ሻንጣ ለበዓል ቴሌቪዥን ላይ የለበሰችውን ሰማያዊ ቀሚስ አስወጣች። ትለብሰዋለች ብሎ ያሰበ ስላልነበረ አልነካሁትም ነበር። ስናለብሳት ከትከሻዋ ተንሸራተተ። ዚፑን እስከ ላይ ዘግቼውም ጀርባዋ ላይ ሁለት እጄን የሚያስገባ ቦታ ተረፈ። ዝቅ ብላ ወገቧን አየች። ቀና ብላ እኔን አየችኝ። እኔ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ ነበር።

በእህቷና በእኔ ተደግፋ በረንዳው ላይ ቆመች፤ የግቢው በር ተከፈተ። ፊት ያሉት ሲያዩዋት እልል አሉ። እልልታው ግን ወደ ኋላ ሳይደርስ ተቆረጠ፤ ቀሚሱ ላይዋ ላይ ሲንጠለጠል አዩት። የዕድሩ ሰዎች ብረቱን ጋሪው ላይ እንዳለ አቅፈው ቆሙ። ማንም የማያውቃቸው አንዲት አሮጊት ደረጃውን ወጥተው ጉልበቷን ያዙና «ልጄ፣ እንዲህ ሆነሽልኝ ነው እንዴ?» ብለው ተንሰቀሰቁ። እሷ ጎንበስ ብላ ራሳቸውን እያሻሸች አባበለቻቸው። ዓይኗን ከእሳቸው ላይ አላነሣችም፤ ከሐኪሙ ያልሰማችውን ከእሳቸው የምትሰማ ትመስል ነበር።

አልጋዋ ላይ ስንመልሳት አረንጓዴውን ቀሚስ አምጪው አለችኝ። ገለበጠችው። ስድስት ዓመት ሙሉ ስትለካ የኖረች ሴት የት እንደምታይ ታውቃለች። ጣቷን በስፌቱ ላይ አስኬደች።

«ትርፉ የታለ?»

«እንዳይጎረብጥሽ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«ነገ ከጨጓራው ስድንና ስወፍር ምን ልለብስ ነው?»

«ሌላ ታሰፊያለሻ!» አሉ እህቷ ቶሎ ብለው።

ቀሚሱን አጥፋ ጎኗ አስቀመጠችው። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጣችም።

«ውጭ ያሉት ይሻላሉ» አለች። «እነሱ ስሞት አለቀሱልኝ። እናንተ ስትቀብሩኝ ከርማችሁ አንዲት እንባ አላሳያችሁኝም።»

እህቷ ፊታቸውን ሸፍነው ከክፍሉ ወጡ። እኔ ልክድ አፌን ከፈትኩ፤ የወጣኝ ግን ለቅሶ ነው። ስንቃቸው እንደከረምኩት ሰዎች ድምፄን አውጥቼ፣ አፍንጫዬን በእጄ እየጠረግሁ፣ ወራት ያጠራቀምኩትን ሁሉ ፊቷ አለቀስኩት። ዝም በይ አላለችኝም። አልጋው ላይ ሸርተት ብላ ዳሩን ለቀቀችልኝና እጄን ያዘች።

«ተቀመጪ እንግዲህ» አለችኝ። «አሁን ገና ልትጠይቂኝ መጣሽ።»